የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ስንገዛ፤ ዋናውን፣ አቻውንና ሐሰተኛውን ለይቶ ስለ ማወቅ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ያልሰማነው የለንም። ዳሩ ግን ተረቱን ማወቅና ተረቱ በራስ ላይ ሲደርስ መገንዘብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመሥሪያ ቤት ተቀምጠው በሕዝብ ገንዘብ ዕቃ እንዲገዛ የሚፈርሙ ወጣት ሹማምንት፣ ነገም በዚሁ ወንበር የሚተኩት ተማሪዎች፣ ይህ ተረት በራሳቸው ላይ ሊደርስ ከሚችልባቸው ቦታዎች አንዱ የሥራ መኪና መለዋወጫ ዕቃ ግዢ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት ለመነጋገር አስቤያለሁ።

እኔም ራሴ ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት የስምሪት ክፍል በተቀጠርሁበት በመጀመሪያው ዓመት ይኸው ደርሶብኛል። ክፍሉ ወደ ገጠር የሚወጡ ጥቂት ፒክ አፕ መኪናዎች ነበሩት። ከነዚህ የአንዱ የፊት ፍሬን ሸራ አልቆ ነበርና ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ቀረበልኝ። የአንደኛው ዋጋ ከሌሎቹ ግማሽ ያንስ ነበር። ስለ ሸራ የማውቀው ነገር ስላልነበረ የማውቀውን አደረግሁ፤ ይኸውም ቁጥሮቹን አስተያየሁና ትንሹን መረጥሁ። የመንግሥትን ገንዘብ አዳንሁ ብዬም ደስ አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መኪናው አራት ሰውና ዕቃ ጭኖ ወደ ጎጃም ሲሄድ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፍሬኑ ከዳ። ሾፌሩ በሥራው ሠላሳ ዓመት ያህል የቆዩ አዛውንት ስለ ነበሩ አልደነገጡም። ማርሹን ወደ ታች እየቀነሱ፣ የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ እየሳቡ፣ መኪናውን በተራራው በኩል ካለው የአፈር ቁልል ጋር አስጠግተው አቆሙት። የተጎዳ ሰው አልነበረም። በተመለሱ ጊዜ ግን ወደ ቢሮዬ ገብተው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከፊቴ አኖሩ። ስፈታው የጠቆረ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ጠርዙም የተፈረፈረ የፍሬን ሸራ ሆኖ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኋቸው።

«የፈረሙበት ዕቃ ነው፤ እንዲያዩት ብዬ ነው ያመጣሁት» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እኔ መንገዱን አውቃለሁ፤ ማርሹንም አውቃለሁ። ሸራውን ግን አንተ ታውቀዋለህ ብዬ ነው ቁልቁለቱን የወረድሁት» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ መካኒኮችን እየጠየቅሁ፣ የፋብሪካ መመሪያም እያነበብሁ የተማርሁትን ነው አሁን ለአንባቢዎቼ የማቀርበው።

አራት ዓይነት ዕቃ

ብዙ ሰው መለዋወጫ ዕቃን «ኦሪጅናል»ና «ኮፒ» ብሎ ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። አከፋፈሉ ለአፍ ይቀላል፤ ዳሩ ግን ያሳስታል። ነገሩን ከሥሩ ስንመረምረው በገበያ ላይ ያለው ዕቃ አራት ዓይነት ነው።

አንደኛው መኪናውን የሠራው ፋብሪካ በራሱ ስምና በራሱ ካርቶን አድርጎ የሚሸጠው ነው፤ ይህን ዋናው እንበለው። ሁለተኛው ለመኪናው ፋብሪካ ዕቃ የሚያቀርበው ኩባንያ በገዛ ስሙ አሽጎ ለገበያ የሚያወጣው ነው። ሦስተኛው ከመኪናው ፋብሪካ ጋር ምንም ውል የሌለው ሌላ ፋብሪካ ልኩን ወስዶ በራሱ ስም የሚሠራው ነው፤ በዚህ ክፍል ውስጥ እጅግ መልካሙም እጅግ መጥፎውም ይገኛል። አራተኛው የሌላውን ስምና ምልክት ሰርቆ የሚሸጥ ሐሰተኛ ዕቃ ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው አንድ አይደሉም። ሦስተኛው ማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ አራተኛው ግን ያልሆነውን ነኝ ይላል። በገዛ ስሙ የሚሸጥ ፋብሪካ ዕቃው ቢበላሽ የሚጠፋው የራሱ ስም ነው። በሰው ስም የሚሸጥ ግን የሚጠፋው የሌላው ስም ነውና ምን ገዶት?

የመኪና ፋብሪካ የመኪናውን ክፍል ሁሉ ራሱ ይሠራል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ፋብሪካው ብዙውን ክፍል ከሌሎች ኩባንያዎች እየገዛ ይገጣጥማል። ለምሳሌ ዴንሶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተለይቶ ራሱን ችሎ የቆመ ሲሆን፣ ዛሬ ለቶዮታም ለሌሎችም የመኪና ፋብሪካዎች የሞተርና የኤሌክትሪክ ክፍሎችን ያቀርባል። ሮበርት ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1886 በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ የመሠረተው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 የናፍጣ መርጫ ፖምፓ በብዛት መሥራት ሲጀምር፣ በናፍጣ የሚሄድ ካሚዮን እንዲስፋፋ መንገድ ከፈተ። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የስዊድን ነገር ነው። ኤስ ኬ ኤፍ የተባለው የኩሽኔታ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1907 በየተቦሪ ከተማ ተቋቋመ፤ ቮልቮ የሚባለው የመኪና ፋብሪካ ሥራውን ሲጀምር የዚሁ የኩሽኔታ ፋብሪካ ልጅ ነበር። እንግዲህ መለዋወጫ ሠሪ ሁልጊዜ ከመኪና ሠሪ ያነሰ ነው ማለት አይቻልም፤ አንዳንድ ጊዜ ወላጁ እርሱ ነው።

ስለዚህ በሁለተኛው ክፍል ያለውን ዕቃ መግዛት ብዙ ጊዜ የዋናውን ጥራት ከዋናው ባነሰ ዋጋ ማግኘት ነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ ነው ተብሎ አይማልበትም። አንድ ኩባንያ ለመኪናው ፋብሪካ የሚሠራውና ለገበያ የሚያወጣው በመጠንም በጥራትም የሚለያይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የኩባንያው ስም ብቻ ሳይሆን የዕቃው ቁጥር ከመኪናው ዓይነትና ከሞተሩ ቁጥር ጋር መስማማቱን በካታሎግ ማረጋገጥ ይገባል።

ፍሬን ምን ይሸከማል?

የፍሬን ሥራ መኪና ማቆም ነው እንላለን፤ በውነቱ ግን ሥራው የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን የተጫነ ፒክ አፕ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ሊያሰላው እንደሚችለው፣ 29 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህም ወደ 88 ሊትር የሚሆን ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ የሚይዘውና ነፋሱ የሚወስደው ቢቀነስ እንኳ የቀረውን የሚሸከመው መዳፍ የሚያህል ሸራ ነው።

ሸራ ማለት ልዩ ልዩ ዱቄትና ቃጫ በሙጫ ተጣብቆ የተጋገረ ነገር ነው። ሙጫው ከልኩ በላይ ሲሞቅ መቃጠል ይጀምርና ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም በሸራውና በዲስኩ መካከል እየገባ ያንሸራትተዋል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጠው እንደ ድንጋይ ይጠነክርበታል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ጥሩ ሸራና መጥፎ ሸራ ከተማ ውስጥ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለዩት ቁልቁለት ላይ ነው። ፔዳሉ ጠንካራ መሆኑ ቀርቶ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ግን አንዱ የሚጠረጠረው የፍሬን ዘይት መፍላት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ መልካም ሸራ ገዝቶ አሮጌ ዘይት መተው ከንቱ ድካም ነው።

ታዲያ ገዢው በዐይኑ ምን ሊያይ ይችላል? በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጣ ቁጥር 90 የሚባል ደንብ አለ። በዚህ ደንብ የተፈተነ መተኪያ ሸራ የማቆም ኃይሉ ከዋናው ሸራ በ15 በመቶ ከሚበልጥ ወይም ከሚያንስ ልዩነት መውጣት የለበትም። ፈተናውን ያለፈ ሸራ በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» የላቲን ፊደልና ከጎኑ ቁጥር ይታተምበታል። ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ያመለክታል፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ኢጣልያ፣ 4 ኔዘርላንድስ ነው። በአሜሪካ ልማድ ደግሞ በሸራው ጠርዝ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው ሸራው በተለመደ ሙቀት፣ ሁለተኛው እጅግ ሲሞቅ ያለውን የመያዝ ኃይል ይናገራል። ሁለተኛው ፊደል በፊደል ተራ ከመጀመሪያው ቀድሞ ቢገኝ፣ ሸራው ሲሞቅ ይደክማል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ለመካኒኮቻችን ጤና አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አስቤስቶስ የሚባለው ቃጫ ቀድሞ በፍሬን ሸራ ውስጥ በብዛት ይገባ ነበር፤ ዱቄቱ ሳንባን የሚያቆስልና ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ስለ ታወቀ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከልክለውታል። ምንጩ በማይታወቅ ሸራ ውስጥ ግን ምን እንዳለ የሚያረጋግጥ የለም። ስለዚህ የፍሬኑን አቧራ በኮምፕሬሰር አየር እፍ ማለት ትልቅ ጥፋት ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ከዋጋ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ምናልባት አንባቢዬ «እንግዲያውስ ሁሉንም ዋናውን መግዛት ነው» ይል ይሆናል። ይህም ቢሆን ስሕተት ነው። ለማይጠቅም ነገር የወጣ የሕዝብ ገንዘብ፣ በስርቆት ከጠፋው ገንዘብ ጋር ሲደመር ልዩነት የለውም። ከዋጋ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ ክፍል ቢሰበር ምን ይከተላል?

ቢሰበር ሰው የሚገድል ከሆነ፣ ዋናው ወይም ስሙ የታወቀና የተፈተነ ኩባንያ የሠራው ብቻ ይገዛ። የፍሬን ክፍሎች፣ የመሪ መገጣጠሚያዎች፣ የጎማ ኩሽኔታ ከዚህ ይቆጠራሉ።

ቢሰበር ከራሱ የበለጠ ውድ ዕቃ ይዞ የሚጠፋ ከሆነም በርካሽነቱ አይመረጥም። የዚህ ምሳሌው ፊልትሮ ነው። ሁለት የዘይት ፊልትሮ ከውጭ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። በመጋዝ ተቆርጠው ሲታዩ ግን ያንዱ ወረቀት ጥቅጥቅ ብሎ የታጠፈ፣ የሌላው ሳሳ ብሎ ሙጫው የለቀቀ ይሆናል። በውስጡም ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ እንዳይወርድ የሚይዝ ጎማና ወረቀቱ ሲደፈን ዘይት ማሳለፊያ የሚከፍት ቫልቭ አሉ፤ እነዚህ ካልሠሩ ሞተሩ በየማለዳው ለጥቂት ጊዜ ያለ ዘይት ይነሣል፤ ወይም ያልተጣራ ዘይት ይጠጣል። በዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ናፍጣው ወደ ኢንጀክተሩ የሚገባው ከአየር ግፊት ከ1,000 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ግፊት ነው፤ በኢንጀክተሩ ውስጥ ያለው ክፍተትም የሚለካው በሚሊ ሜትር ሺሕኛ ነው። በናፍጣ ፊልትሮ ላይ ጥቂት ብር ያተረፈ መሥሪያ ቤት የኢንጀክተር ዋጋ ሲነገረው ነገሩ ይገባዋል። የታይሚንግ ቺንጋም እንዲሁ ነው፤ በብዙ የናፍጣ ሞተር ቺንጋው ሲበጠስ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ይፈታል።

ቢሰበር ራሱን ብቻ የሚጎዳ ከሆነ ግን ርካሹን ለመግዛት አንፍራ። ሾፌሮች ስፖኪዮ የሚሉት የጎን መስተዋት፣ ፓራፋንጎ፣ የበር እጀታ፣ ምንጣፍ ከዚህ ወገን ናቸው። የጎን መስተዋት የሚሰበረው በጋሪና በግድግዳ ተመትቶ እንጂ አርጅቶ አይደለም፤ ዋናውም ሆነ ሌላው በአንድ ምት ይሰበራል። ለእንዲህ ያለው ዕቃ በአዲስ አበባ መርካቶ ከሶማሌ ተራ የሚገኘው አሮጌ ዕቃ እንኳ መልካም ነው። አሮጌ የፍሬን ክፍል፣ አሮጌ ቺንጋ፣ አሮጌ የጎማ ቱቦ ግን በነፃም ቢሰጥ አይወሰድም፤ ጎማ ያረጀበትን ቀን በፊቱ ላይ ጽፎ አይዞርምና።

ዋጋ በኪሎ ሜትር

ዋጋን ማስተያየት ክፉ ነገር አይደለም፤ ክፉው የካርቶኑን ዋጋ ብቻ ማስተያየት ነው። በሐሳብ ምሳሌ እንመልከተው። አንድ ርካሽ የፍሪሲዮን ሸራ 6,000 ብር ቢሆንና 25,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፤ ሌላው 15,000 ብር ሆኖ 90,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እንበል። የመካኒኩ የእጅ ዋጋ ለሁለቱም 5,000 ብር ነው፤ መኪናው በቆመባቸው ሁለት ቀናት ሌላ መኪና ለመከራየት 8,000 ብር ይወጣል። የመጀመሪያው በጠቅላላው 19,000 ብር ሆኖ ለ25,000 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ለአንድ ኪሎ ሜትር 76 ሳንቲም ይደርሳል። ሁለተኛው 28,000 ብር ሆኖ ለ90,000 ሲካፈል 31 ሳንቲም ይሆናል። በፕሮፎርማው ላይ ርካሽ የነበረው በመንገድ ላይ ከእጥፍ በላይ ውድ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ስሌት ለመሥራት ግን መዝገብ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ መኪና የራሱ ደብተር ይኑረው፤ የተገጠመው ዕቃ፣ የሠሪው ስም፣ የዕቃው ቁጥር፣ የተገጠመበትና የወጣበት ኪሎ ሜትር ይጻፍበት። ደብተሩ ሁለት ዓመት ከተጠበቀ የትኛው ዕቃ እንደሚበልጥ ነጋዴ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሐሰተኛውን ስለ መከላከል

ሐሰተኛ ዕቃ ከዋናው ዋጋ ጥቂት ብቻ ቀንሶ ስለሚሸጥ ዋጋው ራሱ አያጋልጠውም። የካርቶኑ ጽሕፈት የደበዘዘ፣ ፊደሉ የተሳሳተ፣ በካርቶኑና በዕቃው ላይ ያለው ቁጥር የማይስማማ ሲሆን መጠርጠር ነው። ደረሰኙ ላይ «የፍሬን ሸራ» ብቻ ሳይሆን የሠሪው ስምና የዕቃው ቁጥር እንዲጻፍ መጠየቅ ይገባል፤ ቁጥሩን ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ከመሥሪያ ቤቱም ውስጥ ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዋናው ዋጋ ተከፍሎ ሌላ ዕቃ የሚገጠምበት ጊዜ ስላለ፣ አሮጌው ክፍል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይመለስ፤ አዲሱም ሲገጠም ሾፌሩ ቆሞ ይይ። ባዶው ካርቶን ተቀድዶ ይጣል፤ ደህና ካርቶን ሐሰተኛ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ገንዘብ ነው።

በመጨረሻም የግዢው ጥያቄ ራሱ በደንብ ይጻፍ። በብዙ አገር የመንግሥት ግዢ ሕግ የአንድን ኩባንያ ስም ብቻ ጠርቶ ሌላውን መዝጋት ስለማይፈቀድ «ወይም አቻው» የሚል ቃል ይጨመራል። ይህ ቃል መልካም ነው፤ ዳሩ ግን አቻነቱ በምን እንደሚለካ ካልተጻፈ ለማንኛውም ዕቃ በር ይከፍታል። «ፍሬን ሸራ፣ ብዛት 4» ብሎ የጠየቀ ሰው የቀረበለትን ሁሉ ለመቀበል ተስማምቷል። የመኪናውን ሞዴል፣ የዋናውን ዕቃ ቁጥር፣ የሚፈለገውን የፈተና ምልክት፣ የዋስትናውን ጊዜ የጻፈ ግን ትንሹን ዋጋ ያለ ስጋት ሊመርጥ ይችላል፤ ውድድሩ በእኩዮች መካከል ሆኗልና።

ወጣቶች ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን ሁሉ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። መካኒኩንና ሾፌሩን መጠየቅ ይበቃል። እኔ ያን ጊዜ ሦስቱን ፕሮፎርማ ይዤ ሃያ እርምጃ ብሄድ ጋራዡ ውስጥ ሠላሳ ዓመት መንገድ የሚያውቁ ሰው ተቀምጠው ነበር። ያልሄድሁት ዲፕሎማ ስላለኝ መጠየቅ የሚያሳንሰኝ መስሎኝ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን አይተው ይሆናል።

በወረቀት ላይ የምናኖረው ፊርማ ከቢሮ ወጥቶ መንገድ ይሄዳል፤ ሰው ጭኖ ቁልቁለት ይወርዳል። ያ የጠቆረ ሸራ እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ አለ። ለፍሬን ዕቃ መግዣ የሚቀርብልኝን ወረቀት ከመፈረሜ በፊት አወጣውና አየዋለሁ፤ ከዚያም ተነሥቼ ወደ ጋራዡ እሄዳለሁ።